የወይዘሮ ሎሬታ ዘጠኝ ቀጠሮዎች

ልጇን የቲያትር ኮሌጅ ልታስገባ የተነሳች እናት ባለችበት አገር ጦር ሠራዊት ማቆም ትርፍ ወጪ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት የማያውቅ ሰው የለም። በየሰፈሩ አንዷ አለች፤ ከሌለች ጎረቤት ሰፈር ስብሰባ ላይ ናት፣ ትመለሳለች። ልጇ መዝፈን፣ መደነስና በተፈለገ ጊዜ ማልቀስ እንደምትችል ያወቀች ቀን ሌላ ፍጡር ትሆናለች። በአንድ እጇ ሾርባ ታማስላለች፣ በሌላው እጇ ስልክ ይዛ ከኮሌጅ ጸሐፊ ጋር ትከራከራለች፣ በዓይኗ ደግሞ እርስዎን «ዝም በሉ» ትላለች። እርስዎ ግን ምንም አልተናገሩም።

የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ሎሬታ ቫንደርሞለን ይባላሉ። ይህን ያህል ካከበርኳቸው ይበቃል፤ አብረን ስላደግን ከዚህ በኋላ ሎሬታ እላታለሁ። ባሏ ገሪት የወተት ላሞች ያረባል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ዊላ።

የምንኖረው ኢንዲያና ውስጥ፣ ሁለት የሰዓት ክልሎች በሚገናኙበት ወሰን ላይ ነው። ወሰን ከሆነው አስፋልት ወዲህ ያለው አውራጃ «ፈጣኑ ሰዓት» ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው «ዘገምተኛው» ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ሎሬታ የምትተኛው በፈጣኑ፣ የምትጸልየው ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ በዘገምተኛው ነው። እዚህ አገር የሠርግ ጥሪ ሲጻፍ ሰዓቱ የማን እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ግማሹ ዘመድ የሚደርሰው ሙሽሮቹ ኬኩን ቆርሰው ሲጨርሱ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አፍ ሲፈቱ ከእናትና ከአባት ስም ቀጥሎ የሚማሩት «የማን ሰዓት?» ማለትን ነው።

ሎሬታ ግን ይህን ጥያቄ እንደ ሃይማኖት ነው የያዘችው። «ራት እንብላ» ቢሏት «የማን ሰዓት?» ትላለች። «እገሌ ሞተ» ቢሏት ካዘነች በኋላ ትጠይቃለች። ፓስተራችን «እግዚአብሔር ሁሉን በጊዜው ያደርገዋል» ብለው ሲሰብኩ እንኳ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «ቀጠሮ የሌለው ሰው» ትላለች ዘወትር፣ «መንገድ ላይ ያደረ ሰው ነው።»

ዊላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በምትጨርስበት ዓመት ሎሬታ ዘጠኝ ኮሌጆች መረጠች። በየካቲት ወር እነዚህ ኮሌጆች ራሳቸው ቺካጎ ይመጡና አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አንዳንድ ክፍል ይይዛሉ። ከመላው አገር የተሰበሰቡ ልጆች ከክፍል ክፍል እየሮጡ ይዘፍናሉ፣ ይደንሳሉ፣ ይተውናሉ። ኦዲሽን ነው። ከዘፈኑ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቁራጭ ይሰሙና «እናመሰግናለን» ይላሉ። በቃ፣ የዓመታት ልፋት በዚያች ቁራጭ ትመዘናለች።

ዊላ ግን የምትፈልገው አንዱን ብቻ ነበር፤ ቺካጎ ዳርቻው ላይ ከተቀመጠችበት ትልቅ ሐይቅ ማዶ ያለውን። ስምንተኛ ክፍል እያለች የዚያን ኮሌጅ ተማሪዎች መድረክ ላይ አይታ ስትመለስ ሁለት ቀን ሰው አላናገረችም። ላሞቹን ግን አናግራለች። ሌሎቹን ስምንት ኮሌጆች የመረጠችው እናቷ ናት፤ «ለክፉ ቀን» ብላ። ሎሬታ ዘንድ ክፉ ቀን ስምንት መጠባበቂያ አለው።

ከዚያ ሕጎቹ መጡ። ወተት ጉሮሮ ላይ አክታ ያበዛል ተብሎ ዊላ ወተት እንዳትቀምስ ታዘዘ። የወተት ላም በሚረባበት ቤት! ገሪት ነገሩን የግል ስድብ አድርጎ ወሰደው። «አያቴ ይህንን ወተት ጠጥቶ ነው እስከ ዘጠናው የዘፈነው» አለ። «አያትህን የትኛው ኮሌጅ ተቀበለው?» አለችው ሎሬታ። ገሪት ኮፍያውን አንስቶ ወደ በረቱ ሄደ።

ቀጥሎ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩ ተባለ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የቀብር ምሳ ስለነበረበት በረት ውስጥ ቀረጽን። በዘፈኑ መጨረሻ ላይ አንዲት ላም እምቧ ብላ ገባችበት። ሎሬታ ሌላ ቀን ለመቅረጽ ባዶ ሰዓት ስላልነበራት እንዳለ ላከችው። አንድ ኮሌጅ «ድምፅሽን ወደነዋል፤ የታችኛውን ድምፅ የያዘው ማን ነው?» ብሎ ጻፈ። ገሪት አንድ ሳምንት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን እመታለሁ። ኦርጋኑን ያለ አስተማሪ ነው የለመድኩት፤ ፈተና ልስጥህ ያለኝም፣ ና ልስማህ ያለኝም አልነበረም። ሎሬታ ቺካጎ ውስጥ መኪና አትነዳም፣ ገሪት ላሞቹን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ሾፌርም የፒያኖ አለማማጅም እኔ ሆንኩ። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም፤ ፍሪጃቸው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ስሜን አገኘሁት። ለዘጠኙ ኮሌጅ ዘጠኝ ቀለም ተቀብቷል። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል «ለቅሶ (ካስፈለገ)» የሚል ቦታ አለ። ወረድ ብሎ «ሀርላን ይበላል» ይላል። «ሀርላን ያርፋል» የሚል ፈልጌ አጣሁ።

ያን ዕለት ሎሬታ ስልኩን ይዛ ለኮሌጆቹ ተራ በተራ እየደወለች ነበር።

«ደህና ዋሉ፣ የዊላ እናት ነኝ። የሰጣችሁን ሰዓት የማን ሰዓት ነው?»

«ምን አሉ?» አለች ከወዲያ ያለችው ጸሐፊ።

«ማለቴ፣ ፈጣኑ ነው ዘገምተኛው?»

«እመቤቴ፣ ሰዓት እኮ ሰዓት ነው።»

«አይደለም፣ የኔ እህት» አለች ሎሬታ ከልብ እያዘነችላት።

ስምንቱም በየተራቸው «ፈተናው ቺካጎ ከሆነ በቺካጎ ሰዓት ነዋ!» አሏት፤ ዘገምተኛው ማለት ነው። ሎሬታ ስምንት ጊዜ አመሰገነች። ለዘጠነኛው፣ ከሐይቁ ማዶ ላለው፣ ልትደውል ስትል ዊላ ከፒያኖው ተነሳች።

«እማዬ፣ እዚህኛው ጋ እንዳትደውዪ።»

«ምነው?»

«በቃ አትደውዪ። ስሜ ሲጠራ ‹የዚያች የሰዓቷ ሴትዮ ልጅ› እንዲሉኝ አልፈልግም። ሌሎቹ ጋ ያሉትን ይበሉ። እዚህ ብቻ፣ እባክሽ።»

ሎሬታ ልጇን አየቻት። ስልኩን አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

«እሺ» አለች።

ይህን ቃል ከሎሬታ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሠርጓ ላይ ፓስተሩ «ይህን ሰው ትወስጂዋለሽ?» ሲሏት እንኳ «አዎ፣ ግን» ብላ ነው የጀመረችው።

ሐይቁ የላከውን በረዶ እየቀደድን ቺካጎ ሄድን። ድምፅዋ እንዳይደክም ዊላ መኪና ውስጥ መናገር ተከልክላለች። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ባየን ቁጥር እጇን ታወናጭፋለች። «ጉሮሮዋ ነው» ትላለች ሎሬታ፤ ማር በማንኪያ ታጎርሳታለች። ልጅቷ ሽንት ቤት እንደምትፈልግ የገባን ሦስት ማደያና ግማሽ ጠርሙስ ማር ካለፈ በኋላ ነው።

ሆቴሉን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሊፍት ውስጥ ሲገቡ ሃያ ልጃገረድ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሳ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ ከንፈሯን እንደ ፈረስ ታርገፈግፋለች። ድምፅ ማሟሟቂያ ነው። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ አባት፣ የዋህ ሰው፣ እሳቸውም ሳያውቁት ያርገፈግፉ ነበር። እናቶቹ እርስ በርስ በጨረፍታ ይተያያሉ፤ ጥርስ ይታያል፣ ሳቅ የለም። ሎሬታ ግን በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነገሠች። ክፍል የጠፋበት፣ ጫማ የተረሳበት፣ ሁለት ፈተና የተጋጨበት ሁሉ ወደ እሷ ይመራል። «አንቺ አራተኛ ፎቅ፣ በደረጃው። አንተ ልጅህን ውሃ አጠጣ። እናንተ ቁጭ በሉ።» አንድ ሰው የሆቴሉ ሠራተኛ መስላው ጉርሻ ሊሰጣት እጁን ኪሱ ከተተ።

በዚያ ቀን አምስት ኮሌጅ ጨረስን። የለቅሶው ቦታ ሳይነካ ቀረ፤ ሎሬታ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ኮሌጅ ካየን በኋላ የሐይቁ ማዶው ተራ ደረሰ። ቀደም ብለን ነው የሄድነው። ዊላ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። በሩ አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ የተቀመጠችው ሴት ስሟን ስትሰማ ቀና አለች።

«ዊላ ቫንደርሞለን? ሦስት ጊዜ ጠራንሽ እኮ። ተራሽ አልፏል።»

«የለም» አለች ሎሬታ በፈገግታ። «እንዲያውም አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረናል።»

«ሰዓቱን የጻፍነው በትምህርት ቤታችን ሰዓት ነው፤ በሐይቁ ማዶ። ከዚህ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።» ሴትየዋ እውነትም አዝናለች። «ግራ የገባው ሰው ሁሉ ደውሎ ጠይቆን ነበር።»

ደውሎ ጠይቆን ነበር።

ሎሬታ ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ጥያቄ ስትዘጋጅ ኖራ፣ ጥያቄው ያስፈለገው በዚያች አንዲት ስልክ ላይ ነበር። ወደ ዊላ ዞራ «አላልኩሽም?» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እል ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «መደወል ነበረብኝ። ዘነጋሁት።»

ዘነጋሁት! ሎሬታ ስትዋሽ የሰማሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው። እግዚአብሔርም ሰምቶ እንዳልሰማ አልፏታል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽበታም ፕሮፌሰር ሴት ወጡ። «ምን ተፈጠረ?» አሉ።

«እናቴ ውሸቷን ነው» አለች ዊላ። «ልትደውል ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ። አፍሬባት ነው።»

ፕሮፌሰሯ ሁለቱን በየተራ አዩአቸው። «እናትሽ ጥሩ ውሸታም አይደለችም» አሉ።

«ልምድ የላትም» አለች ዊላ።

የፕሮፌሰሯ ከንፈር ጥግ ትንሽ ላላ። ግን እውነቱን ነገሩን። ቀኑ ሙሉ በሙሉ ተይዟል። የሚቀር ልጅ ካለ፣ ወይም መጨረሻ ላይ አቅም ከተረፋቸው፣ ሊሰሟት ይሞክራሉ። ተስፋ ግን አይሰጡም።

«በስንት ሰዓት እንምጣ?» አለች ሎሬታ።

«ሰዓት ልነግርዎት አልችልም።»

«በግምት?»

«በግምትም አልችልም። ከዚህ ከራቃችሁ ላንጠራችሁ እንችላለን። መጠበቅ ነው።» በሩ ተዘጋ።

ችግሩ ከሰዓት በኋላ ሁለት ኮሌጆች የሚቀሩን መሆኑ ነበር። አንደኛው ቪዲዮዋን ወዶ «በጉጉት እንጠብቅሻለን» ብሎ የጻፈ ነው፤ ከዘጠኙ ሁሉ ለ«እሺ» የቀረበው እሱ ነበር። እኔም የማይመለከተኝን ተናገርኩ።

«ሎሬታ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል።»

«ዝም በል ሀርላን» አለችኝና ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዊላ እንዲህ ተጠይቃ ስለማታውቅ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። «እዚሁ መቀመጥ እፈልጋለሁ» አለች።

ሎሬታ ወደ መስኮቱ ሄዳ ሁለት ጊዜ ደወለች። የመጨረሻውን ሰማሁት፤ «አዎ፣ እንሰርዛለን… ምክንያቱን ልነግርዎት አልችልም። ለኔም ገና አልገባኝም» ትል ነበር።

ተመልሳ መጥታ ከፊታችን ቆመች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«ሀርላን፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚደረገው?»

«የቱ?»

«ሰዓት ሳያውቁ መጠበቅ።»

«ተቀምጦ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

«ምንም?»

«ከፈለግሽ መጸለይ ትችያለሽ።»

«ለዛሬ የያዝኩት ጸሎት ጠዋት አልቋል» አለች። እየቀለደች አልነበረም።

ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ ዘረጋች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች፤ የሚወጣው ሌላ ልጅ ነው፤ ትቀመጣለች። የትናንት ደንበኞቿ እየመጡ «ሎሬታ፣ ስድስተኛው ፎቅ በየት በኩል ነው?» ሲሏት «እኔንጃ» አለቻቸው። ባዶ ቤት አንኳኩተው የተመለሱ ያህል ግራ ገብቷቸው ሄዱ። የካም ሳንድዊች ለሦስት ተካፈልን። ዊላ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ አንቀላፋች፤ ሎሬታ እንዳትቀሰቅሳት ብላ ያን ሁሉ እንቅስቃሴዋን አቆመች። እንዲህ ረግታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየሁና ወዲያ ዞርኩ፤ ለጸሎቱ ቦታ ተገኝቶለታል ማለት ነው።

ኮሪደሩ ጭር ማለት ጀመረ። በሩን የምትጠብቀው ሴት ጠረጴዛዋን ማጠፍ ስትጀምር፣ እኔም የሳንድዊቹን ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሯ ካፖርታቸውን በአንድ ክንዳቸው አድርገው ብቅ አሉ።

«ልጅቷ አለች እንዴ?» አሉ። «አለች? እንግዲያው ትግባ።»

ማሟሟቂያ የለ፣ ማር የለ፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለ። ዊላ ፀጉሯ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ፣ ዓይኗን እያሸች ገባች። በሩ በደንብ አልተዘጋም። ፒያኖው ጀመረ፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ወጣ።

ሎሬታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዘፈኑ ደቂቃ አይሞላም ብያችኋለሁ። በመሃሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ማን ናት ይቺ?»

«ልጅሽ ናታ።»

«እንዲህ ነው እንዴ የምትዘፍነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ?» ዓይኗ ሞላ። «እኔ የት ሆኜ ነው?»

«ስልክ ላይ» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ፤ ልጇን እየሰማች ነበር። ከውስጥ «እናመሰግናለን» የሚለው አልመጣም። «ሌላ አለሽ?» አሉ ፕሮፌሰሯ፤ ዊላም ሌላ ዘፈነች። ሎሬታ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳርፋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

መልሱ በመጋቢት መጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከስብከቱ በፊት ሰው ሁሉ ደስታውንና ጭንቀቱን የሚናገርበት ጊዜ አለ። ሎሬታ ስትነሳ ጉባኤው ረጅም ሪፖርት ጠብቆ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከሐይቁ ማዶ ዊላን ተቀበሏት» አለችና ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ዓይናቸውን ገለጡ። እኔ መዝሙሩን መጀመር ነበረብኝ፤ ለጥቂት ጊዜ የኦርጋኑ ቁልፎች አልታዩኝም።

በነሐሴ መጨረሻ ዊላን አድርሰናት ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ሎሬታ እንደ ድሮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አትደውልልኝም። የት መሆን እንዳለብኝ፣ ምን ይዤ እንደምመጣ፣ መቼ እንደምበላ የሚነግረኝ የለም። ይህንን ሰላም ለአንድ ዓመት ያህል ተመኝቼው ነበር። ሦስት ቅዳሜ ታገስኩ። በአራተኛው ራሴ ደወልኩ።

«ሎሬታ፣ ቀጠሮ ያዢልኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለምንም።»

ወረቀት ሲገለጥ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ። የተገለጠ ነገር የለም።

«ና» አለች። «ስትደርስ ትደርሳለህ።»

ጃኬቴን እንኳ ሳልቆልፍ ወጣሁ።